እየዘለልኩ ያነበብኩበት ክረምት

ተረፈ የወደደኝ ማንበብ የማልችል መስሎት ነው።

አትሳቁ። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበርኩ፤ ሳስተምር አምስት ዓመት ሆኖኛል። ቀበሌው ማስታወቂያ በለጠፈ ቁጥር ሰፈርተኛው «ብርቅዬን ጥሯት፣ ታንብብልን» ነበር የሚለው። እሱ ግን ባየኝ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ «ይቺ ልጅ ችግር አለባት» ብሎ በማስታወሻው ጻፈ። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ሊያድነኝ ደከመ።

ጊዜው የ1975 ክረምት ነው። የአውራጃው ትምህርት ቢሮ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራንን ለስድስት ሳምንት ስልጠና ጠራን። ከሾኔ፣ ከቦኖሻ፣ ከአንጋጫ፣ ከዱራሜ የመጡ ነበሩ፤ በጠቅላላው ሠላሳ ሁለት ሰው። ሁላችንም የመሰለን ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ልንሰማ፣ መፈክር ልንጮህና ወደ ቤታችን ልንሄድ ነው። አሰልጣኙ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ ተገኘ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጭን፣ የመነጽሩን አንድ እግር በቁስል ፕላስተር የጠቀለለ ወጣት ነው። ስሙ ተረፈ።

የመጣው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሊያስተምረን ነበር፤ አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ፊደል ስለሚያስቸግራቸው ልጆች። ፊደሉ የሚገለባበጥባቸው፣ ትናንት ያወቁትን ዛሬ እንደ አዲስ የሚያዩት፣ እኛ «ደደብ» ብለን ከኋላ ወንበር የምናስቀምጣቸው። እንዲህ ያሉ ልጆች ያንኑ ክፍል ሦስት ጊዜ ደግመው ትምህርታቸውን ትተው ይሄዳሉ፤ እኛም ሲሄዱ እፎይ እንላለን። የተረፈ ታላቅ እህት እንደዚያ ነበረች። መምህሯ በአለንጋ መትቷት በዚያው እንደቀረች፣ ዛሬም ፊርማዋ የጣት አሻራ እንደሆነ ነገረን።

ከዚያ አንድ ደንብ አወጣ። በስልጠናው ውስጥ ሰው ሲያነብ ቢደናቀፍ ማንም አይስቅበትም፣ ማንም ቃሉን አይነግረውም፣ ከአዳራሽ ሲወጣም ማንም ስለ እሱ አያወራም። ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ተስማማን። መልካም ደንብ ነበር። እኔን ያጠፋኝም እሱ ነው።

በየተራ እየተነሳን ስለ ንጽሕና የተጻፈ አንድ አጭር ምንባብ እንድናነብ አደረገን። «ጠዋት ስንነሳ ፊታችንን እንታጠባለን። ጥርሳችንን እንፍቃለን። ጤና የሚገኘው በንጽሕና ነው» ይላል። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና «ማለዳ ስንነሳ ፊታችንን እንታጠባለን» አልኩ። ሳልኩ። «እንፍቃለን» አልኩ። ትንሽ ቆየሁና «ደኅንነት የሚገኘው በንጽሕና ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ተረፈ በእርሳሱ አንድ ነገር ጻፈ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ርኅራኄ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ነገሩን ላስረዳችሁ። እኛ ከአንጋጫ የመጣን ከምባቶች ነን። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስሙ የሚጀምረውንም ቃል ትሸሸዋለች፣ በሌላ ትተካዋለች። ባሊሻ ይባላል። የአማቴ ስም ጠና ነው። ስለዚህ ለእኔ ጠዋት ማለዳ ነው፣ ጥሩ ደግ ነው፣ ጥጃ የላም ልጅ ነው። አንደኛ ክፍል ውስጥ ጠን ሳስተምር ራሱ እኔ በዱላ ሰሌዳውን እነካለሁ፣ የክፍል አለቃዋ ትጠራዋለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አምስት ዓመት እንዲህ አስተማርኩ፤ ማንም ተማሪ ጠን ሳያውቅ አላለፈም።

እርግጥ አማርኛ ሲናገሩ ብዙዎቹ ሴቶች ያን ያህል አይጠነቀቁም። የእኔ ጥንቃቄ ምክንያት ነበረው። ባለቤቴ ፋንታሁን በ1969 ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ሲዘምት ከተጋባን አራት ወራችን ነበር። ሁለት ደብዳቤ መጣልኝ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሞተ የሚል ወረቀት አልደረሰኝ፣ አለ የሚል ሰውም አልመጣ። ከአማቴ ጋር አንድ ጣሪያ ስር ስድስት ዓመት ጠበቅን። ያንን ቃል እስከሸሸሁት ድረስ የሕያው ሰው ሚስት ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሞኝነት ነው በሉት፤ ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረም።

አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ የሐዲያና የከምባታ ሰዎች ናቸው፤ ወዲያው ገብቷቸዋል። ግን ደንቡ አለ። ደግሞም የፋንታሁን ነገር ቁስል መሆኑን ስለሚያውቁ ማንም ሊነካው አልፈለገም። ስለዚህ ሁሉም ዝም አሉ።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስልጠናው ሲያበቃ፣ ተረፈ በረንዳው ላይ ያስቀረኝ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን አጠገቤ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወይዘሪት ብርቅዬ» አለኝ።

ወይዘሮ ነበርኩ። እዚያው ላይ ማረም ነበረብኝ።

«የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እርስዎ ጎበዝ ነዎት፤ ቃሉ ሲያስቸግርዎ በትርጉሙ ገምተው ይሞላሉ። እንዲህ የሚያደርጉት ብርቱ ሰዎች ናቸው። ሰው ሳያውቅ አብረን እንሠራበታለን» አለኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ከስድስት ዓመት ወዲህ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዓይኔን አይቶ፣ «ምን አስቸገረሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ አልኩ።

ከሳሙና ካርቶን ፊደል ቆርጦ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ አሸዋ ነስንሶበት አመጣልኝ። ጣቴን ይዞ በጠ ላይ ያስኬደዋል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። «ዓይንሽ ቢረሳው ጣትሽ ያስታውሰዋል» ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት እርስዎ ማለቱን ተወው። ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ሲደበድበው ድምፃችን ስለማይሰማ ወንበሩን ያስጠጋል። እኔ ፊደሉን በጣቴ እከተላለሁ፣ ድምፁን ግን አላወጣም። እሱ ይጠብቃል። እንደ እሱ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። «ጊዜ አለን» ይላል፣ ይስቃል፣ መነጽሩን ያስተካክላል። እኔም ያንን ሳቅ ለመስማት ስል የማውቀውን ሌላ ፊደል ሁሉ መሳት ጀመርኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከኃጢአቴ ላይ ይቀነስልኝ። ጎረቤቴ ጵርስቅላ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ደግማለች፣ ሁለቱን ጊዜ ከእኔ ዘንድ። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት በጆሮዋ ሰምታ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትለዋለች፤ መጽሐፍ ሲሰጣት ግን ታለቅሳለች። ሰነፍ ነሽ እያልኩ ከኋላ ወንበር ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ። ተረፈ በረንዳ ላይ የሚያሳየኝን ሁሉ በነጋታው ይዤላት እሄድ ነበር። ለእኔ የቆረጠውን ፊደል እሷ ዳሰሰችው። በአራተኛው ሳምንት በር ላይ ቆማ የአባቷን ስም ከሳጥን ላይ አነበበች፤ ወልደሰንበት የሚለውን። እናቷ እጄን ስትስም የተረፈ እጅ ነው የሚገባው ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልተናገርኩም።

ከሾኔ የመጣች ትርፊት የምትባል መምህርት ጓደኛዬ ነበረች። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆመችኝ።

«ብርቅዬ፣ ሰውዬው ወዶሻል። ንገሪው።»

«ምን ብዬ?»

«የሰው ሚስት ነኝ በይው።»

«ነኝ እንዴ?» አልኳት።

ሁለታችንም ጭቃውን እየረገጥን ሄድን። በማግስቱ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። በማግስቱ ግን ተረፈ በረንዳው ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፤ ፊቱ በርቷል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ስልጠናው ሲያልቅ እዚሁ እንዲመድቡኝ ልጠይቅ ነው። ላንቺ ስል ነው... ከከፋሽ ግን እተወዋለሁ» አለኝ።

«አልከፋኝም» አልኩት። ከዚያ የበለጠ እውነት ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ የበለጠም አልዋሸሁም።

ሊደርስ ያለው በስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። ተረፈ ለቢሮው የማጠቃለያ ዘገባ ሲጽፍ፣ በቅን ልቡ፣ አንዲት ጎበዝ መምህርት የንባብ ችግር እንዳለባትና ከማስተማር ሳትነሳ እርዳታ እንዲደረግላት አሳሰበ። ስሜን ጻፈ። ቢሮው ያነበበው ሌላ ነገር ነው፤ መሃይምነትን አጠፋን ብሎ ሊሸለም በተዘጋጀ አውራጃ ውስጥ ማንበብ የማትችል መምህርት ተገኘች። በሦስት ቀን ውስጥ ወረቀት ደረሰኝ። ቅዳሜ በስብሰባ ፊት አነባለሁ፤ ካልቻልኩ እባረራለሁ፣ በሐሰት ማስረጃ ተቀጥሬ እንደሆነም ይጣራል።

ተረፈ በዝናብ እየሮጠ መጣ። መነጽሩ ላይ ውሃው ይወርዳል።

«እንዲረዱሽ ብዬ ነው... እንዲረዱሽ!»

«ተረፈ፣ እኔ ማንበብ እችላለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ትችያለሽ። ብቻ አትፍሪ። ሁለት ቀን አለን፣ አብረን እንለማመዳለን።»

ሊያበረታታኝ ነው ያለው። አላመነኝም፤ እንዲያምነኝም ሙሉውን መናገር ነበረብኝ። ፊቱን ሳየው፣ የሚጠፋውን ፊት ሳየው፣ አቃተኝ። ያቺ ሦስተኛዋ ዝምታዬ ናት። ሁሉንም ቆጥሬያቸዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ሞላ። መምህራኑ፣ የቀበሌው ሹማምንት፣ የሴቶች ማኅበር አባላት፣ ከኋላ ደግሞ አማቴ ጠና። አናጺ ነው፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የትምህርት ቢሮው ኃላፊ አንድ ጋዜጣ ሰጠኝና የማነበውን በጣቱ አሳየኝ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ቃል በጠ ይጀምራል። «ጠላት» ይላል።

ማለፍ አልቻልኩም፣ መተካትም አልቻልኩም፤ ኃላፊው አጠገቤ ቆሞ ቃል በቃል ይከታተላል። ተረፈ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ በከንፈሩ ይነግረኛል፤ የራሱን ደንብ እያፈረሰ። ትርፊት ልትነሳ ስትል የጎኗ ሰው ያዛት። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም።

«ጓዲት፣ እንግዲህ ግልጽ ነው» አለ ኃላፊው።

ያኔ ጠና ተነሳ። መጀመሪያ በከምባትኛ ተናገረኝ፤ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛው።

«አንብቢ፣ ልጄ። ፈቅጄልሻለሁ።»

ኃላፊው ሽማግሌው ምን እንደሚሉ ጠየቀ።

«ምራቴ ናት። የምትዘለው የእኔን ስም ነው፤ እኔ ጠና እባላለሁ። በእኛ ዘንድ ለአማት ክብር ነው። ልጄ ስለሄደ፣ ይመለሳል ብላ ስድስት ዓመት አከበረችኝ» አለ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ልጄ ግን ሞቷል። አብሮት የነበረ ሰው ነግሮኛል፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ከነገርኳት ቤቴ ባዶ ይቀራል ብዬ ደበቅኳት። አጥፍቻለሁ። ብርቅዬ፣ አንብቢ። ከዛሬ ጀምሮ ምራቴ አይደለሽም፣ ልጄ ነሽ።»

አነበብኩ። «ጠላት» ብዬ ጀመርኩ፤ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ገልብጬ ቀጣዩንም አነበብኩ። «በቃ» ቢሉኝም አላቆምኩም። ካቆምኩ ባለቤቴ ሊሞት ነው። ከኋላ የነበሩት የከምባታ ሴቶች ያ ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ስላወቁ ዋይታ ጀመሩ። ኃላፊው ግራ ገባው። እንባዬ ጋዜጣውን አርሶት ፊደሉ ሲጠፋብኝ ቀና አልኩ። ተረፈ መነጽሩን አውልቆ ይዞታል። ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ድንኳን ተተከለ። አስከሬን በሌለበት ሦስት ቀን ተለቀሰ። ጠናን አልተቀየምኩትም፤ እኔም እንደ እሱ ሰው እንዳይሄድብኝ ብዬ ዝም ያልኩ ነኝ። በሁለተኛው ቀን ተረፈ መጣ። እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለና ከወንዶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሰው ሲቀንስ አጠገቤ መጣ።

«ከእኔ የተሻልሽ አንባቢ ነሽ» አለኝ።

«ይቅር በለኝ።»

«እኔ እኮ የወደድኩሽ የምትፈልጊኝ መስሎኝ ነው።»

«እፈልግህ ነበር። ለንባቡ አልነበረም እንጂ።»

ከዚያ ቅዳሜ ከአዳራሽ እንደወጣ ምን እንዳደረገ ነገረኝ። ሞኝ የተደረገ መስሎት፣ በንዴቱ በቀጥታ ቢሮ ገብቶ ወደ አሶሳ ሰፈራ ጣቢያ እንዲልኩት ማመልከቻ ጻፈ። ሌላ ጊዜ ማመልከቻ ወር ይፈጃል። አሶሳ ልሂድ የሚል ሰው ስለሌለ የእሱን በዚያው ዕለት ፈረሙበት። ሰኞ ማለዳ ተመልሶ ልተወው ቢል፣ «ጓድ፣ አብዮቱ ጨዋታ አይደለም» አሉት።

«አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ብርቅዬ...»

«አውቃለሁ።»

«ጵርስቅላ የምትባል ልጅ አየሁ፣ በሩ ላይ። አንቺ እንዳስተማርሻት ነገረችኝ። በእኔ ፊደል።»

«በአንተ ፊደል» አልኩት። ያኔ አለቀሰ። እኔ ለባሌ፣ እሱ ለእኔ፣ አንድ ድንኳን ውስጥ አለቀስን፤ ሰው ግን ሁሉም ለፋንታሁን መሰለው።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ጥቁር ለብሻለሁ፤ የባሏን መርዶ ከሰማች አሥር ቀን ያልሞላት ሴት ናት የሚሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዳር ዳሩን ቆመዋል። ተረፈ ከመስኮቱ አይቶኝ ወረደ። ረዳቱ እየጮኸ ነበር።

«ዝም ብዬ አጣሁህ። ዛሬ ዝም አልልም። እወድሃለሁ» አልኩት። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። አንዲት የማውቃት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ዓመቱ ሲወጣ እመጣለሁ» አለኝ። እጄን ይዞ ቆየ። ረዳቱ ሁለተኛ ሲጠራው ሄደ።

ዓመቱ ሲወጣ ፈቃድ ከለከሉት። በሁለተኛው ዓመት እኔ ዝውውር ጠየቅኩ፤ ለትዳር ጓደኛ ካልሆነ አይፈቀድም አሉኝ። ለመጋባት ደግሞ አንዳችን ወደ ሌላው መድረስ ነበረብን። በዚያው ወቅት ጠና ከጣሪያ ላይ ወድቆ ወገቡ ተጎዳ፤ የሚያነሳው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ዝውውር አልጠየቅኩም፤ ለተረፈም እውነቱን ጻፍኩለት። ማንም ክፉ ሰው መካከላችን አልገባም። ሀገሩ ሰፊ ነበር፣ ዘመኑም እንደዚያ ነበር።

ክረምት ክረምት መምህራኑን የማሰለጥነው እኔ ሆንኩ። ደብዳቤው በዓመት ሦስት አራቴ ይመጣል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ወባ፣ አሁን ማንበብ ስለጀመረ ልጅ ይጽፍልኛል። በአራተኛው ዓመት የመጣው አጭር ነበር። በሕመሙ ጊዜ ያስታመመችውን የጣቢያውን ነርስ ሊያገባ እንደሆነ፣ ከሌላ ሰው እንዳልሰማው ራሱ ሊነግረኝ እንደፈለገ ይላል። ጨዋ ደብዳቤ ነው። አንድም ቃል ሳልዘል ሁለቴ አነበብኩት።

መልሱን ስጽፍ «እንኳን ደስ አለህ፣ እኔም ደስ ብሎኛል» ብዬ ልዘጋው ነበር። እስክሪብቶዬን አንስቼ እንደገና አስቀመጥኩት። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፤ «ደስ ብሎኛል፣ ከፍቶኛልም። ሁለቱም እውነት ነው። ባለቤትህን እንደ እኔ እንዳታስጠብቃት፣ የልብህን ንገራት።» በፖስታ አሽጌ ራሴ ወስጄ ላክሁት።

መልስ አልጻፈም። አልጠበቅኩም ብላችሁ ግን ውሸት ይሆናል።